በርካሽ ማዘርቦርድ ላይ ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ማድረግ፦ የሚቻለውና የሚያስከፍለው

በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ገበያ “ኦቨርክሎክ”፣ ማለትም ፕሮሰሰርን ፋብሪካው ከወሰነው ፍጥነት በላይ ማሠራት፣ የሚለው ቃል በየማስታወቂያው እየገባ ነው። በቴሌግራም የሽያጭ ቻናሎች “ኦቨርክሎክ የሚደረግ ጌሚንግ ፒሲ” የሚል ጽሑፍ ማየት ብርቅ አይደለም። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራው የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ሁለት ሦስት ቁጥር በመቀየር አሮጌ ማሽን እንደ አዲስ ይሆናል የሚሉ ቪዲዮዎች ይዘዋወራሉ። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ኮምፒውተር ቤቶች ገዢው “ይሄ ኦቨርክሎክ ይደረጋል?” ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ “አዎ፣ ችግር የለውም” ነው።

መልሱ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። በርካሽ የሚሸጡት ማዘርቦርዶች፣ ማለትም ፕሮሰሰሩና ሌላው ክፍል የሚገጠምባቸው ዋና ቦርዶች፣ አብዛኞቹ ኦቨርክሎክን ጨርሶ አይፈቅዱም። ከሚፈቅዱትም ውስጥ ብዙዎቹ ጫናውን ለረጅም ሰዓት የመሸከም አቅም የላቸውም።

ጥያቄው አሁን የበረታበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ኮምፒውተር ከነመለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ደረጃ አሻቀበ። አምራቾቹ ምርታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ስላዞሩ ለተራው ገዢ የሚተርፈው አነሰ። አዲስ ማሽን ለመግዛት እጅ ያጠረው ሰው ያለውን ጨምቆ ለመጠቀም ማሰቡ ተገቢ ነው። ፍላጎቱ ትክክል ነው። መንገዱ ነው መጣራት ያለበት።

ኦቨርክሎክ ሲባል

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። 4 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ 4 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ከሁለት ነገሮች ብዜት ነው። አንደኛው መነሻ ክሎክ ይባላል፤ በዛሬዎቹ ማሽኖች 100 ሜጋኸርዝ ነው። ሁለተኛው መልቲፕላየር ወይም ማባዣ ነው። 100 በ40 ሲባዛ 4,000 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም 4 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ኦቨርክሎክ ማድረግ ከሁለቱ አንዱን ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ከፍ ማድረግ ነው።

ፍጥነቱ ሲጨምር ፕሮሰሰሩ እንዳይሳሳት ብዙ ጊዜ ቮልቴጅም ይጨመርለታል። ወጪው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ፍጥነቱ በጨመረ ልክ ይጨምራል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ግን በስኩዌር ነው የሚያድገው። ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ10 በመቶ ከፍ ቢሉ ሒሳቡ 1.1 በ1.1 በ1.1 ይሆናል። ውጤቱ 1.33 ነው። ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይከፈላል፤ ያ ኃይል ደግሞ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ገበያውን በጣም ያደናገረው ግን ቱርቦ ነው። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት ፍጥነቱን በራሱ ከፍ ያደርጋል። ለምሳሌ የኢንቴል ኮር አይ5-12400ኤፍ መነሻ ፍጥነቱ 2.5 ጊጋኸርዝ ነው። ስድስቱም ኮሮች (በውስጡ ያሉት ለየብቻ መሥራት የሚችሉ ክፍሎች) አብረው ሲሠሩ 4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። አንዱ ኮር ብቻውን ሲሠራ ደግሞ እስከ 4.4 ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከፋብሪካው የተፈቀደ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈ ነገር ነው። ሻጩ ቴስክ ማናጀርን ከፍቶ “ይመልከቱ፣ 2.5 የነበረው 4 ገብቷል፣ ኦቨርክሎክ አድርጌልዎታለሁ” ቢል የሚያሳየው ቱርቦን ነው። ማንም ምንም አልጨመረም። ለዚህ ተጨማሪ ብር የሚከፍል ሰው የከፈለው አስቀድሞ ለገዛው ነገር ነው።

በሩን የዘጋው ማን ነው?

በድሮዎቹ ማሽኖች መነሻ ክሎኩን ማንሳት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ርካሽ ፕሮሰሰር፣ ሴለሮን 300ኤ፣ የዚያ ዘመን ምሳሌ ነው። ማባዣው 4.5 ላይ ተቆልፏል። መነሻው 66 ሜጋኸርዝ ስለነበር ፍጥነቱ 300 ይሆናል። ቦርዱ ላይ መነሻውን ወደ 100 መቀየር ብቻ 450 ሜጋኸርዝ ይሰጥ ነበር። ርካሹ ፕሮሰሰር ከውዶቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተለካካ። “ርካሹን ገዝቼ ከፍ አደርገዋለሁ” የሚለው ተስፋ የተወለደው በዚያ ዘመን ነው። እውነትም ነበረው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን መንገድ ዘጋው። መነሻ ክሎኩን ከዲስክና ከግራፊክስ ካርድ መስመሮች ጋር ስላስተሳሰረው ከጥቂት በመቶ በላይ ማንሳት ማሽኑን ያናጋው ጀመር። የቀረው ማባዣው ነው። እሱንም በስማቸው መጨረሻ “ኬ” ላለባቸው ፕሮሰሰሮች ብቻ ክፍት አደረገው። ኬ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ቺፕሴቱም መፍቀድ አለበት። ቺፕሴት ፕሮሰሰሩን ከዲስክ፣ ከዩኤስቢና ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚያገናኘው የማዘርቦርዱ ቺፕ ነው፤ የቦርዱ ስም የሚወጣውም ከእሱ ነው።

ዛሬ ያለው ሁኔታ ይህን ይመስላል። በኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ማድረግ የሚፈቅዱት ዜድ690 እና ዜድ790 የተባሉት ቺፕሴቶች ናቸው። ቢ660 እና ቢ760 የራምን ፍጥነት ከፍ ለማድረግ ብቻ ይፈቅዳሉ። ኤች610 ሁለቱንም ከልክሏል። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ ለቀቅ ያለ ነው። ራይዘን የተባሉት ፕሮሰሰሮቹ ከጥቂቶች በቀር ማባዣቸው ክፍት ነው። ነገር ግን ኤ320፣ ኤ520 እና ኤ620 ቦርዶች ላይ ሲገጠሙ ያ ክፍትነት አይሠራም። ቢ350፣ ቢ450፣ ቢ550 እና ቢ650 ላይ ይሠራል። ስለዚህ ከርካሾቹ ተርታ ገብቶ በይፋ የሚፈቅድ ቦርድ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት ቢ450 እና ቢ550 ላይ ነው። ኤች610 ላይ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው።

ከቢሮ ወጥተው በሰከንድ ሃንድ የሚሸጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ደግሞ ከዚህ ክርክር ውጪ ናቸው። ባዮሳቸው ውስጥ ማባዣ የሚባል ቦታ የለም። የተሠሩት ለመሥሪያ ቤት ነው።

በመሃሉ ቀዳዳዎች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ፔንቲየም ጂ3258 ማባዣው ክፍት ነበር፤ የቦርድ አምራቾችም ባዮሳቸውን አስተካክለው በርካሹ ኤች81 ላይ ሳይቀር አስኬዱት። በ2015 መጨረሻ አንዳንድ አምራቾች ኬ የሌላቸውን የ6ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በመነሻ ክሎክ የሚያነሳ ባዮስ አወጡ። ኢንቴል በ2016 መጀመሪያ አዲስ ማይክሮኮድ አውጥቶ ዘጋው። ማይክሮኮድ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚጫን፣ አሠራሩን የሚያርም ትንሽ ፕሮግራም ነው። በ2022 እንደገና በጥቂት ቢ660 ቦርዶች ላይ ተመሳሳይ መንገድ ተገኘ። እነዚህ ቦርዶች ግን የራሳቸው ተጨማሪ የክሎክ ቺፕ ያላቸው፣ ከተራው ቢ660 ወደድ ያሉ ነበሩ። በቪዲዮ የሚታየው “ኬ የሌለው 12400 5 ጊጋኸርዝ ገባ” የሚለው ነገር ውሸት አይደለም። የተሠራው ግን በእነዚያ በተለዩ ቦርዶች ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ቢ660 ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ያንን አያደርግም።

ማባዣው መቆለፉ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሁለት ወገን አለው። ተቺዎች ጉዳዩ ንግድ ነው ይላሉ። አንድ ዓይነት ሲሊከን ላይ የተለያየ ቁልፍ እየገጠሙ ውዱን ለማሸጥ ነው የሚል ነው ክርክራቸው። ኤች81 ላይ የታየው ነገር ይህን ያጠናክራል። ቺፕሴቱ በተፈጥሮው ማባዣውን ማንሳት የማይችል አልነበረም። ኢንጂነሮቹ ደግሞ ርካሽ ቦርድ የሚሠራው ለተወሰነ ጫና ነው፣ ቁልፉ ባይኖር ብዙ ቦርድ ይቃጠል ነበር ይላሉ። በእኔ ግምት ሁለቱም እውነት አላቸው። ቁልፉ የገባው በአብዛኛው ለገበያ ሲባል ነው። ቁልፉ ቢነሳም ግን የኤሌክትሪኩ ጉዳይ አይነሳም። በዚህ ከተማ ላለ ገዢ የበለጠ የሚያሳስበው ይሄኛው ነው።

ቦርዱን ቀረብ ብሎ ማየት

አንድ ኤች610 ቦርድ ከካርቶኑ አውጥቶ ፕሮሰሰሩ የሚገጠምበትን ሶኬት ዙሪያ ማየት ብዙ ነገር ይነግራል። ከሶኬቱ በግራና በላይ በኩል ግራጫ ወይም ጥቁር ትናንሽ ኩቦች ተደርድረዋል። ኮይሎች ናቸው። ከጎናቸው ጠፍጣፋ ጥቁር ቺፖች አሉ፤ ሞስፌት ይባላሉ። በመካከላቸው ክብ ካፓሲተሮች ቆመዋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ቪአርኤም ይባላል፣ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ማለት ነው። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ተቀብሎ ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው 1.2 ቮልት ገደማ ያወርደዋል።

ለተመሳሳይ ኃይል ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንት (የኤሌክትሪኩ ፍሰት) ይወጣል። አይ5-12400ኤፍ በቱርቦ ጊዜ እስከ 117 ዋት እንዲወስድ ኢንቴል ፈቅዶለታል። 117 ዋት በ1.2 ቮልት ሲካፈል 97 አምፔር ገደማ ነው። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ቢወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው የሚስበው። ምጣዱ በጠቅላላ ኃይል እጅግ ይበልጣል። በከረንት ግን በነዚያ ጥቃቅን ቺፖች ውስጥ የሚያልፈው የምጣዱን ስድስት እጥፍ ነው። ከረንት ባለፈበት ሁሉ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱም በከረንቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው።

ለዚህ ነው ውድ ቦርዶች ጫናውን ለብዙ ፌዝ የሚያከፋፍሉት። ፌዝ ማለት አንድ ሙሉ የሞስፌትና የኮይል ቡድን ነው። አሥራ ሁለት ቡድን ካለ እያንዳንዱ የሚሸከመው ትንሽ ነው። አራት ወይም አምስት ብቻ ካለ ጫናው ይከብዳል። ከዚያ ላይ ውዶቹ በሞስፌቶቹ ላይ ሂትሲንክ የሚባል፣ ሙቀት የሚበትን ወፍራም አሉሚኒየም ይጭናሉ። ብዙ ኤች610 እና ኤ520 ቦርዶች ላይ ይህ ሂትሲንክ የለም፤ ሞስፌቶቹ ራቁታቸውን ናቸው። በቦርዱ ጫፍ ላይ ያለው የፕሮሰሰር የኃይል መሰኪያም ይናገራል። ባለ 8 ቀዳዳ ሳይሆን ባለ 4 ከሆነ ሠሪው ራሱ ብዙ ኃይል እንዲያልፍ አላሰበም።

ቪአርኤሙ ሲግል ወዲያው አይቃጠልም። ፕሮሰሰሩን ፍጥነት እንዲቀንስ ያዘዋል። ይህ ትሮትሊንግ ይባላል። ሰውዬው 4.6 ጊጋኸርዝ አደረግሁ ብሎ ይቀመጣል። ሬንደር (የተቀናበረ ቪዲዮ ወይም ምስል የማውጣት ሥራ) ሲጀምር ለጥቂት ደቂቃ 4.6 ይሄዳል፤ ከዚያ 3.2 ይወርዳል፤ በረድ ሲል ይወጣል፤ ደግሞ ይወርዳል። ተደምሮ ሲታይ ካልተነካካው ማሽን የባሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በጣም የሚያሳዝነው ስህተት ኬ ፕሮሰሰርን ከኤች610 ጋር ማጋባት ነው። ማስታወቂያዎቹ አይ7-12700ኬን በትልቁ ጽፈው የቦርዱን ስም ይዘላሉ። ይህ ፕሮሰሰር በቱርቦ እስከ 190 ዋት ይወስዳል። ኤች610 ላይ ማባዣው ዝግ ነው። ቪአርኤሙም ብዙውን ጊዜ 190 ዋትን ለረጅም ሰዓት አይችልም። ኬ ፕሮሰሰር ደግሞ ከነማቀዝቀዣው አይሸጥም። ገዢው ለተከፈተ ማባዣ ከፍሎ ማባዣውን አያገኘውም፤ ፋብሪካው ቃል የገባለትን ፍጥነት እንኳ ሙሉ በሙሉ አያገኝም። በዚያው ብር ኬ የሌለው ፕሮሰሰርና የተሻለ ቢ760 ቢገዛ ይሻለው ነበር።

የከተማው አየር፣ አቧራና መብራት

ኦቨርክሎክ አስተማሪ ቪዲዮዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ጥግግቱ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። በሌላ በኩል የከተማው አየር ቀዝቃዛ ነው። ቀን ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ ከ25 ዲግሪ አይዘልም። አንዱ ሌላውን በከፊል ያካክሳል። ነገር ግን “አዲስ አበባ ስለሚበርድ ኦቨርክሎክ ይመቻል” የሚለው አባባል ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። በተለይ ሂትሲንክ የሌለው ቪአርኤም የሚቀዘቅዘው ከአጠገቡ በሚያልፈው አየር ብቻ ስለሆነ የአየሩ መሳሳት ይጎዳዋል።

አቧራውን ማንም ያውቀዋል። ግንባታ በበዛበት መሃል ከተማ፣ በሩ ለመንገድ ክፍት በሆነ ሱቅ ወይም ጌም ቤት ውስጥ፣ የማቀዝቀዣው ክንፎች በጥቂት ወራት ይደፈናሉ። በመጀመሪያው ቀን የተለካ ሙቀት ከስድስት ወር በኋላ ያለውን አይነግርም። ኦቨርክሎክ የተደረገ ማሽን ደግሞ ለዚህ የሚተርፍ ቦታ የለውም።

ከሁሉም የሚከፋው የመብራት ጉዳይ ነው። ዝግ ቦርድን ለመክፈት ሰዎች የሚሞክሩት ባዮሱን ወደ አሮጌ ቅጂ መመለስ ወይም የተነካካ ቅጂ መጫን ነው። ባዮስ እየተጻፈ ባለበት ሰዓት መብራት ከጠፋ ቦርዱ አይነሳም። ቺፑን በውጭ መሣሪያ እንደገና የሚጽፍ ባለሙያ ካልተገኘ ቦርዱ ሞተ ማለት ነው። ዩፒኤስ ሳይኖር ይህን መሞከር አያዋጣም። ቢሳካም ደግሞ ዘላቂ አይደለም። ማይክሮኮድ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩልም ስለሚመጣ ትናንት የተከፈተው ዛሬ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል።

ትርፉ ስንት ነው?

ሁሉም ተሳክቶ 4 ጊጋኸርዝ የነበረው 4.4 ገባ እንበል። 60 ደቂቃ የሚፈጅ ሬንደር ቢበዛ ወደ 54 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። ይህ ሥራው ሙሉ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ላይ ብቻ ከተመሠረተ ነው። በእውነተኛ ሥራ ዲስክና ራምም ስላሉበት ትርፉ ከዚያ ያንሳል። ፒችትሪ ላይ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ዎርድ ለሚጽፍ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶኮፒና ዲዛይን ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ትርፉ ያነሰበት ሌላም ምክንያት አለ። ድሮ ፋብሪካዎቹ ለጥንቃቄ ሰፊ ቦታ ይተዉ ነበር፤ ሴለሮን 300ኤ 50 በመቶ የጨመረው ለዚህ ነው። ዛሬ ቱርቦው ያንን ቦታ ራሱ ይበላዋል። ፕሮሰሰሩ ከሱቅ ሲወጣ ከጣሪያው ጋር ተጠግቷል።

በአንጻሩ ሳይነካካ የሚቀር ፍጥነት አለ። መጀመሪያ ራሙ። ብዙ ርካሽ ማሽኖች የሚሸጡት በአንድ ባለ 8 ወይም ባለ 16 ጊጋባይት ራም ነው። አንድ ዲዲአር4-3200 ራም በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለት ሆነው በሁለት ቻነል ሲሠሩ 51.2 ይሆናል። እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ባለ፣ ግራፊክሱ በፕሮሰሰሩ ውስጥ በሆነ ማሽን ላይ ይህ ለጌም የሚሰጠው ጭማሪ ከየትኛውም የፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ይበልጣል። ራም ስትገዙ ከአንድ ባለ 16 ሁለት ባለ 8 ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ራም በተወደደበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ምርጫው የበለጠ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የኃይል ገደቡ ነው። ኢንቴል ለ12400ኤፍ 117 ዋት የሚፈቅደው ለአጭር ጊዜ፣ እንደ ደንቡ ለ28 ሰከንድ ነው። ከዚያ ወደ 65 ዋት ይወርዳል። ቦርድ ሠሪዎች ይህን ቁጥር እንደፈለጉ ያስተካክሉታል። በብዙ ቦርዶች ባዮስ ውስጥም ሊቀየር ይችላል፤ ማባዣው ዝግ በሆነበት ሳይቀር። ቪአርኤሙ ሂትሲንክ ካለውና ማቀዝቀዣው ደህና ከሆነ ገደቡን ከ65 ወደ 80 ወይም 90 ማንሳት በረጅም ሬንደር ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። የደረቀ ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መቀየርና ክንፎቹን ማጽዳት ከዚህ በፊት መደረግ አለበት። በሰከንድ ሃንድ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የጠፋው ፍጥነት የሚመለሰው በዚህ ብቻ ነው።

ቢ450 ወይም ቢ550 ላይ ራይዘን ላለው ሰው ግን ኦቨርክሎክ መሞከር ነውር የለውም። ሂትሲንክ ያለውን ቦርድ መርጦ፣ ቮልቴጁን ሳያጋንን፣ በትንሽ በትንሹ እያነሳ እየፈተነ ቢሄድ የሚገኘውን ያገኛል።

“አይቃጠልም” እና “አትንኩት”

የኦቨርክሎክ ወዳጆች ዘመናዊ ፕሮሰሰር ራሱን ይጠብቃል ይላሉ። ልክ ናቸው። የኢንቴሎቹ አብዛኞቹ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ካለፈም ማሽኑ ይጠፋል። የጥገና ባለሙያዎች በበኩላቸው አትንኩት ይላሉ። እነሱ የሚያዩት ተበላሽቶ የመጣውን ብቻ ስለሆነ ፍርሃታቸው ሊጋነን ይችላል። ግን ሁለቱም ወገኖች እምብዛም የማያነሱት አንድ ነገር አለ፤ ሳይታወቅ የሚፈጠር ስህተት።

በቂ ቮልቴጅ ያላገኘ ፕሮሰሰር ወይም ከአቅሙ በላይ የተነሳ ራም ሁልጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አያሳይም። አንዳንዴ አንዲት ቁጥር ትሳሳትና ሥራው ይቀጥላል። ጌም ላይ ከሆነ ማንም ልብ አይለውም። የድርጅት የሒሳብ ፋይል ወይም የሙሽሮች ቪዲዮ ላይ ከሆነ ግን ፋይሉ አልከፈት ሲል ነው የሚታወቀው። ባክአፑም ከተበላሸው ፋይል ላይ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሰው ሥራ የሚሠራበትን ማሽን ኦቨርክሎክ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። ለጌም ብቻ የሚውል የራስ ማሽን ሌላ ነገር ነው።

ቮልቴጅ ቀስ ብሎ ፕሮሰሰር እንደሚጎዳ ደግሞ ከፋብሪካው በኩልም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች፣ በተለይ አይ7 እና አይ9፣ ያለ ምንም ኦቨርክሎክ እንደሚወድቁ በሰፊው ታወቀ። ምርመራው ያሳየው ማይክሮኮዱ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ እንደነበር ነው። ኢንቴል በነሐሴና በመስከረም 2024 እርማት አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። እርማቱ ጉዳቱን ያስቆማል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2023፣ አንዳንድ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ሶኬታቸው ላይ ተቃጥለው ነበር። እዚያም ቦርዶቹ ያለ ልክ ቮልቴጅ ይሰጡ ነበር። ኤኤምዲ ለፕሮሰሰሩ ከሚሰጡት ቮልቴጆች አንዱን 1.3 ቮልት ላይ ገደበው።

ወደ ፊት የሚጠበቀው

እነዚህ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ኢንቴሎች በመጪዎቹ ዓመታት በሰከንድ ሃንድ ገበያው ላይ በብዛት መታየታቸው አይቀርም። ምን ያህል ቮልቴጅ እንደተጫናቸው ዓይን አይቶ አያውቅም። አይ9-13900ኬ “በቅናሽ” ሲቀርብ የቦርዱ ባዮስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 በኋላ የወጣ መሆኑን ማየት ግዴታ ነው። ርካሽ ቦርዶች ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲነሱ አሮጌ ባዮስ ይዘው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ሌላው ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በአመዛኙ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው የሚቀበለው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። የ4ኛ ትውልድ ማሽን 5 ጊጋኸርዝ ቢገባ እንኳ ከዚህ መስፈርት አያመልጥም። አሮጌ ማሽንን በኦቨርክሎክ ዕድሜውን አራዝማለሁ ብሎ አዲስ ማቀዝቀዣና ፓወር ሰፕላይ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ለግዢ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው የቦርዱ ሙሉ ስም ይሁን፤ “12ኛ ትውልድ” ወይም “ጌሚንግ” የሚለው አይበቃም። ቀጥሎ ሽፋኑ ተከፍቶ ሶኬቱ ዙሪያ ሂትሲንክ መኖሩ ይታይ። ከዚያ ሲኔቤንች ወይም ኦሲሲቲ የመሰለ ማስጨነቂያ ፕሮግራም ተከፍቶ ፍጥነቱና ሙቀቱ ይነበብ። ሻጮች ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ አስኬደው “አየህ?” ይላሉ። አንድ ደቂቃ አይበቃም። ፍጥነቱ ገና አልተረጋጋም፣ ቪአርኤሙም ገና አልጋለም። ሃያ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። በሃያኛው ደቂቃ ላይ የሚነበበው ጊጋኸርዝ ነው ገዢው በእርግጥ ይዞት ወደ ቤቱ የሚገባው።